የሮኪታ ጋሻ የተሰበረ ዕለት

ብላዤና ቮክን መጀመሪያ ያየችው እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ነው።

መከር ከገባ በኋላ ታላቁን ኩሬ አፍስሰን ዓሣ የምናወጣበት ሰሞን ነበር። ውኃው በግድቡ በር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ካርፕ የምንለው ወፍራም ዓሣ መሀል ላይ በቀረችው ውኃ ይተራመሳል፤ ሰውም ወንድ ሴት ሳይል መረብ ይዞ ይገባል። የግንቡ ጌታ ሦስተኛ ልጅ ቮክ ማንም ና ሳይለው ሊያይ ወረደ፤ ከግድቡ ጫፍ ተንሸራተተና ገባ። እወጣለሁ ባለ ቁጥር ይብስ ሰመጠ። ሁላችንም አየነው። የጌታ ልጅ ስለሆነ ግን መሳቁም ማውጣቱም አስፈራን። የመረቧን ዘንግ የዘረጋችለት የኩሬው አለቃ የሽቴፓን ልጅ ብላዤና ብቻ ናት።

«ይያዙ» አለችው። «እኛ ዛሬ የምናወጣው ዓሣ ነው። ጌታ ማውጣት ከሥራችን ውጪ ነው።»

«ጌታ አይደለሁም» አለ ጭቃውን ከአፉ እየጠረገ። «ጌታ የሚሆነው ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ከሌለ መካከለኛው። እኔ ለጸሎት ነው የምፈለገው።»

«እንግዲያው ይጸልዩ፤ ዘንጉ ቀጭን ነው።»

ሳቀ። ጭቃ የለበሰ ፊት ላይ ጥርስና ዓይን ብቻ ሲቀር ሰው እንዴት እንደሚያምር ብላዤና ያን ቀን አወቀች። ጎትታ አወጣችው፤ አመስግኖ ሄደ፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

የሮኪታ ቤት እንዴት እንደተነሣ ከግንቡ ሥር የተወለድን ሁሉ እናውቃለን። የቮክ ቅድመ አያት ቤኔሽ የንጉሡ አዳኝ ነበር፤ ከአንድ ፈረስና ከአንድ ውሻ በቀር ሀብት አልነበረውም። አንድ ክረምት ወንዙ ላይ የረጋው በረዶ ተሰብሮ ንጉሡ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተከትሎ ገብቶ አወጣው፤ ንጉሡም ይህን ረግረግ ምድር በሙሉ ሰጠው። መኳንንቱ ስቀውበት ነበር፤ ረግረግ ማን ይፈልጋል። ቤኔሽ ግን ግድብ ሠራ፤ ረግረጉ ኩሬ ሆነ። በጾም ወራት አገር ሁሉ ሥጋ ሲተው ዓሣችን በየከተማው ተበላ። ልጆቹ ግንብ ሠሩ፤ የልጅ ልጆቹ ከንጉሡ ማዕድ ተቀመጡ። ጋሻቸው ላይ በጥቁር መደብ ነጭ ሽመላ አሣሉ፤ ረግረጉን እንዳይረሱ ነው ይባላል፤ እነሱ ግን ፈጥነው ረሱት።

ውድቀታቸውም ከዚያው ከውኃው መጣ። የቮክ አባት ያሮሽ የላይኛውን ግድብ ከፍ ሲያደርግ የጎረቤቶቻችን የስትራዥ ቤት ሜዳ ተጥለቀለቀ። በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነበር። ሁለቱም ግን ኩራት እንጂ ጆሮ አልነበራቸውም። ያሮሽን አደን ላይ በቀስት ጣሉት።

ቮክ ሦስተኛ ልጅ እስከ ነበረ ድረስ ወዴት ሄድክ የሚለው ሰው አልነበረም። በእኛ አገር ቄስ አያገባም፤ እሱም ለቅስና ታስቦ ስለነበር የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ግድቡ ላይ ይቀመጣል፤ ገጹ ግን አይገለጥም። ብላዤና አጠገቡ መረብ ትጠግናለች። አንዳንድ ቀን ሳይነጋገሩ ይመሻል። ቀና ስትል ሲያያት ታገኘዋለች፤ እሱ ሲያቀረቅር ደግሞ በተራዋ ታየዋለች። አባቷ ሽቴፓን አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። አልገባውም ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም። ልጁ ደስ ሲላት ማየት ደስ ብሎት ነው ዝም ያለው።

አንድ ቀን ቮክ ልርዳሽ ብሎ መረቡን ተቀበላት። የቋጠረው ሁሉ ሲጎተት ተፈታ።

«ይህን ዓሣዎቹ ቢያዩት ይስቁብናል» አለችው።

«አስተምሪኛ።»

«ቄስ መረብ ምን ያደርግለታል?»

«ቄስ ባልሆንስ?» አላት።

ጣቶቹ በክሩ መካከል አልፈው ጣቶቿን ነኩ። እጇን አላነሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ማለቷ ቀረ።

ደስታቸው ብዙ አልቆየም። ታላቅ ወንድሙ አባቱን ሊበቀል ወጥቶ በቃሬዛ ተመለሰ። መካከለኛውን ወፍጮ ቤት ውስጥ ዘግተው አቃጠሉት። እናታቸው እመቤት ኦፍካ ለአንዱ የለበሰችውን ጥቁር ሳታወልቅ ሌላው ተጨመረላት። እንዲህ ሆኖ ለጸሎት የተተወው ልጅ አንድ ጠዋት የሮኪታ ጌታ ሆኖ ተነሣ።

ያን ጠዋት ወደ ግድቡ ሲመጣ የወንድሙን ሰይፍ ታጥቆ ነበር፤ ሰይፉ ረዝሞበት አረማመዱን አበላሽቶታል።

«እንግዲህ አንቱ ልበልህ?» አለችው ብላዤና።

«አንቺም አንቱ ካልሽኝ አንተ የሚለኝ ሰው አይኖርም» አለና አለቀሰ። ለወንድሞቹም ነበር፣ ለራሱም ነበር። እሷ ደግሞ አንገቱን አቅፋ ስለ ሁለቱ አለቀሰች፤ ምን እንደሚመጣ ከእሱ ቀድማ ገብቷታልና።

ቮክ ለእናቱ ሳይደብቅ ነገራት። ብላዤናን እንደሚወድ፣ ሌላ እንደማያገባ ገለጸላት፤ ከፈለገች ግንቡን ለዘመድ ሰጥታ እሱን እንድትተወው ለመናት። ዘመድ የሚባል እንዳልቀረ እሱም ያውቅ ነበር። እመቤት ኦፍካ ብላዤናን አስጠራች።

ብላዤና ስትገባ ሴትየዋ ተቀምጣ ነበር። ተቀመጪ አላለቻትም፤ ግን አልሰደበቻትምም፤ ብትሰድባት ይቀልላት ነበር።

«ቆንጆ ነሽ» አለቻት። «ልጄም ይወድሻል፤ ይህን አልክድም። ግን ልጄ አይደለም የሚያገባው። ቤቱ ነው የሚያገባው። የቦሮቫ ጌታ ሴት ልጅ አለችው፤ ከልጅቱ ጋር መቶ ጦረኛ ይሰጣል። አንቺ ምን ትሰጫለሽ?»

«እኔ እወደዋለሁ፣ እመቤቴ።»

«እኔስ የምጠላው መሰለሽ?» ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ባሌ ለዚህ ቤት ሞተ። ሁለቱ ልጆቼ ለዚህ ቤት ሞቱ። ዛሬ ቤቱን ብተወው ለምን ሞቱ ልበል? አንቺ ንገሪኝ፣ ለምን ልበል?»

ብላዤና ጎንበስ ብላ ወጣች። ደረጃውን ግድግዳ ይዛ ነው የወረደችው።

ቮክ ግድቡ ላይ ይጠብቃት ነበር። እንጥፋ አላት፤ ከተራራው ማዶ ማንም የማያውቃቸው አገር እንሂድ አላት። እሷም እሺ አለች፣ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር እሺ አለች። ቆመው ግን አልተንቀሳቀሱም። ቮክ ዓይኑን ወደ ግንቡ መስኮት አንሥቶ ነበር።

«ልሂድ ብል እግሬ አይሄድም» አለ በመጨረሻ። «የእናቴን ፊት አየሁት፣ ብላዤና። እሷን ትቼ ሄጄ እንዴት እተኛለሁ?»

«እኔስ ፊት የለኝም?»

ያን ጊዜ ያያት አስተያየት እስከ ዛሬ ስትናገረው ያማታል።  እጇን ሳመና ወደ ላይ ወጣ። በሳምንቱ ከቦሮቫ ልጅ ጋር መታጨቱ በቤተ ክርስቲያን ታወጀ። ብላዤና አዋጁን ቆማ ሰማች፤ ወደ ቤቷ ተመልሳ ገንፎ ምድጃ ላይ ጥዳ ወጣችና እስኪያርር ረሳችው። አባቷ ያረረውን ገንፎ አንድ ቃል ሳይናገር በላው።

ሠርጉ ከመድረሱ በፊት የስትራዥ ሰዎች መጡ። ግንቡን አልነኩም፤ ታላቁን ግድብ ሊያፈርሱ ነው የመጡት። ግድቡ ከፈረሰ ከሥር ያለነው ሁላችን እንሰምጥ ነበር። ቮክ ከጥቂት ሰዎች ጋር ወርዶ ግድቡ ላይ ተዋጋቸው። ጦር ይዞ እንኳ አያምርበትም ነበር፤ ለዚህ አልተማረም። ግን ወደ ኋላ አላለም። ግድቡ ሳይፈርስ እነሱ ተመለሱ፤ ቮክ ግን ራሱን ተመትቶ በውኃው በር በኩል ሲወድቅ አየነው። አልወጣም።

እመቤት ኦፍካ ኩሬው ይፍሰስ ብላ አዘዘች። ጊዜው አልነበረም፤ ዓሣው ገና ትንሽ፣ ቀኑም ሞቃት ነበር። ሽቴፓን ዓሣው እንዳለ ያልቃል ሊላት አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ዘጋው፤ ሄዶ በሩን ከፈተ። ብላዤና ግድቡ ላይ ቆመች። ውኃው በወረደ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና እንደገና ትገልጣለች፤ እንዲገኝም እንዳይገኝም እኩል ትለምናለች። ከግድቡ ማዶ ሴትየዋ ቆማለች። ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቆመው አንድ ጊዜ አልተያዩም። ዓሣው ሞቶ ሸተተ። ጭቃው ተገለጠ። የተገኘው ሽመላ የተሣለበት የራስ ቁር ብቻ ነበር። ወንዙ ወደ ታች ወስዶታል አሉ።

በእኛ አገር የአንድ ጌታ ቤት ወንድ ዘር ሲቋረጥ የመጨረሻው ሰው ብቻውን አይቀበርም፤ ቤቱ አብሮ ይቀበራል። ሬሳ ባይኖርም ሳጥን ይሠራል፤ ጋሻው ተዘቅዝቆ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል። የንጉሡ አዋጅ ነጋሪ የሟቹን ስም ከነቤቱ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከዘሩ አንድ ወንድ ካለ «አለሁ» ይላል፤ ግንቡም ኩሬውም ሰዉም የእሱ ይሆናል። ማንም ካልመለሰ የቤቱ ትልቅ ሴት «የለም» ትላለች፤ ጋሻው በመዶሻ ይሰበራል፤ ምድሩ ወደ ንጉሡ ይመለሳል። ከእሷ ቃል በኋላ የሚመጣ «አለሁ» አይቆጠርም።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ፊት ለፊት እመቤት ኦፍካ የራስ ቁሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ የቦሮቫ ጌታ ከነልጁ፤ ልጅቱ ያላገባችውን ሰው ጥቁር ለብሳለች። የኩሬው ሰዎች ወደ ኋላ ቆምን። ከኛም ኋላ፣ በሩ ሥር፣ የቀብር ዳቦ ብለው ከሩቅ የመጡ ለማኞች ተደርድረዋል። ብላዤና ምሰሶ ተደግፋ ነበር። ያን ሰሞን እህል በአፏ አልዞረም፤ ከቀብሩ በኋላ ወዴት እንደምትሄድ አስባ ጨርሳለች፤ ውኃው እንደገና ወደ ሞላው ኩሬ ነበር።

አዋጅ ነጋሪው «የሮኪታው ቮክ!» ብሎ ጠራ።

ብላዤና ስሙን ስትሰማ ከሳጥኑ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ በሩ ሥር ካለ አንድ ለማኝ ላይ ወደቀ። ራሱ የተላጨ፣ ግንባሩ ላይ ገና ያልሻረ ቁስል ያለበት፣ ጢሙ ያደገ፣ በዱላ የቆመ ሰው ነው። ያያት ነበር። መረብ ስትጠግን ሲያያት እንደነበረው ነው ያያት።

ወንዙ እንዴት ከከሰል አክሳዮቹ መንደር አጠገብ እንደ ተፋው፣ ትኩሳት ይዞት ማን እንደሆነ እንኳ መናገር አቅቶት እንደ ሰነበተ፣ ወደ ቤቱ ሲያዘግም ለማኞች አግኝተውት «ና፣ የሮኪታ ጌታ ቀብር ላይ ዳቦ አለ» እንዳሉት የሰማነው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ብላዤና ያወቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት አለ። ምሰሶውን በሁለት እጇ ያዘች። 

ከዚያ ገባት። አለሁ ካለ ጌታ ነው፤ የቦሮቫ ልጅ እዚያው ቆማለች፤ ጦርነቱም እንደነበረ ይቀጥላል። ዝም ካለ የእሷ ነው። ዝም እንዲል አምላኳን በሙሉ ልቧ ለመነችው።

«የሮኪታው ቮክ!» አለ አዋጅ ነጋሪው ሁለተኛ።

ቮክ ከእሷ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ እናቱ አየ። ብላዤናም አየች። ሴትየዋ የራስ ቁሩን ሕፃን እንደ ታቀፈ ሰው ይዛው ትወዛወዛለች፤ የምትወዛወዝ መሆኑን ራሷም አላወቀችም። ብላዤና እመቤት ኦፍካን ጠልታታለች፣ ይህን አልደብቅም። አሁን ግን ጥላቻው የት እንደ ገባ ጠፋባት። ይህችን ሴት እዚህ ጥሎ ቢሄድ ቮክ በሕይወቱ ሙሉ ይህን ወንበር እያየ እንደሚኖር አወቀች። ተመልሳ አየችው። በከንፈሯ ብቻ «መልስላት» አለችው፤ ራሷንም በእሺታ ነቀነቀች። ከዚያ በላይ የሰጠችው ነገር በሕይወቷ የለም።

ቮክ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ።

እመቤት ኦፍካ የዚያን ጊዜ ቀና አለች። ከሰው ሁሉ መሀል ብላዤናን አየች፤ እንባ የሚወርድበትን ፊቷን አየች፤ ዓይኗ የሄደበትን ተከትላ ሄደች፤ ልጇን አገኘችው።

ከመቀመጫዋ ተነሣች። የራስ ቁሩ ከጭኗ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። ብላዤና፣ ሴትየዋ «ልጄ» ብላ ስትጮህ ላለመስማት ጆሮዋን ልትይዝ ደረሰች። ሴትየዋ ግን አልጮኸችም። እንደ ተራበ ሰው አየችው፤ ከተላጨው ራሱ እስከ ባዶ እግሩ አየችው።

«የሮኪታው —» ብሎ አዋጅ ነጋሪው ጀመረ።

«የለም» አለች።

«እመቤቴ፣ ሦስተኛውን ገና አልጠራሁም።»

«የለም አልኩህ እኮ። እናቱ ነኝ፤ እኔ አላውቅም?» ድምፅዋ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። «ባሌን ሰጠሁ። ሁለት ልጆች ሰጠሁ። ይህ ቤት ከእንግዲህ ከእኔ አንድም አያገኝም። አልቋል፤ ስበረው።»

የቦሮቫ ጌታ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ማንም አልሰማውም። መዶሻው ወረደ። ጋሻው እንጨት ነበር፤ ሽመላው ከአንገቱ ተሰነጠቀ። ሰዉ አለቀሰ፤ ያን ቤት ስንረግመው የኖርነውም አለቀስን።

ቮክ እንደ ቆመ ቀርቷል። አፉ ክፍት ነበር፤ ቃሉ አልወጣም። ብላዤና በሰው መሀል ተጋፍታ ደርሳ ክንዱን ያዘችው።

ቀብር ላይ ለድሆች ዳቦ የምታድለው የቤቱ እመቤት ናት። ኦፍካ ቅርጫቱን አንሥታ መጣች። ለእያንዳንዱ ለማኝ አንድ አንድ የአጃ ዳቦ እየሰጠች «ለልጄ ነፍስ ጸልይ» ትላለች፤ እነሱም ይባርኳታል። ሰው ሁሉ እያያት ነበር። የንጉሡ ሰዎችም እያዩዋት ነበር። ቮክ ዘንድ ደረሰች።

ከቅርጫቱ ዳቦ አንሥታ እጁ ላይ አደረገች። እጇን ወዲያው አላነሳችም።

«ለልጄ ነፍስ ጸልይ» አለችው።

«እናቴ —» አለ በሹክሹክታ።

«ቁስልህ ብርድ እንዳይመታው» አለችና የለበሰውን ጨርቅ ወደ ፊት ጎትታ ፊቱን ሸፈነችለት። ብላዤናንም አየቻት። ሌላ ዳቦ አወጣች፤ እሷ ለማኝ አልነበረችም፤ ግን ሰጠቻት። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፦

«በጓሮው በር ውጡ፣ ልጄ። አብዪው። ሲከፋው አይበላም።»

ብላዤና ልትንበረከክ ስትል በክርኗ ደግፋ ከለከለቻት። ቮክን ግን ዳግመኛ አላየችውም፤ ብታየው የሚሆነውን ታውቅ ነበር። ወደ ቀጣዩ ዞረች። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ዳቦውን ሰጠችው፤ «ለልጄ» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፤ ሽማግሌው እጇን ይዞ እየዳበሳት፣ አይዞሽ እያላት፣ የጓሮው በር ሲከፈትና ሲዘጋ እስክትሰማ ድረስ አልቅሳ አልጨረሰችም።